አማት ፊት አይሸናም

ሌላው ሰው የዝናብ ሽታ፣ የአዲስ ደብተር ሽታ ልጅነቱን ይቀሰቅስበታል። እኔን የሚቀሰቅስብኝ የሽንት ሽታ ነው፤ ምን ላድርግ!

ልጅ እያለሁ አዳማ ውስጥ፣ ከጋሪ ማቆሚያው ጀርባ ባለች ጠባብ ቅያስ ነበር የምንኖረው። የቅያሷ ግድግዳ የመንገደኛ ወንድ ሁሉ ሽንት ቤት ነበር። ከወገብ በታች አረንጓዴ ሆኖ ይላጣል፤ ፀሐዩ ሲከር ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ዝንቡ ከዚያ ተነስቶ የት ያርፍ እንደነበር አትጠይቁኝ፣ እትፍ! እማዬ ደግሞ ቅያሷ አፍ ላይ ፓስቲ እየጠበሰች ነበር የምታሳድገን። ደንበኞቿ አፍንጫቸውን ይዘው ማለፍ ጀመሩ። አንድ ቀን ያልተሸጠ ፓስቲ ታቅፋ ገባችና “ይሄ ሽንት እንጀራዬን ዘጋው” ብላ አለቀሰች።

“መሽናት ክልክል ነው” ተብሎ ተጻፈ፤ ጽሑፉ ላይ ሸኑበት። መስቀል ይሳልበት ያለም ነበር፤ ሽማግሌዎቹ “እግዚኦ! እሱም ላይ ቢሸኑስ?” ብለው አማተቡ። በመጨረሻ የመጠጥ ቤት ታፔላ የሚስለው ጎረቤታችን ጋሽ ደሜ ተነሳ። “እነዚህ ጻድቅ አይፈሩም፤ የሚያውቁትን ሰው ግን ያፍራሉ” አለ።

ግድግዳውን በበረኪና አጠብነው። በረኪናው ከሽንቱ ጋር ሲገናኝ የወጣው ሽታ እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለ፤ እህቴ እዚያው አስመለሳት። ከዚያ ጋሽ ደሜ ኖራ ቀባና የሰፈሩን ሰው ይስል ጀመር። የእድሩን ዳኛ ሣለ፤ እማዬን ከነመጥበሻዋ ሣላት፤ መሐል ላይ አዴ ጫልቱን፣ የጎረቤታችንን ባልቴት፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አቆማቸው።

በማግስቱ የአዴ ጫልቱ አማች መጣ። ጋሪ ነጂ ነው፤ የሸናዮቹ ሁሉ አለቃ። እያፏጨ ቀበቶውን ፈታ። ቀና ቢል አማቱ አፍጥጠውበታል። አማች አማቱ ፊት እንኳን ቀበቶ ሊፈታ፣ ቀና ብሎም አያይ! “ውይ! አከም ጅርቱ!” ብሎ ለግድግዳው ሰላምታ ሰጠና ሱሪውን በእጁ እንደያዘ ተፈተለከ። እማዬ እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ወሬው ጋሪ ማቆሚያውን አዳረሰ፤ ግድግዳው ደረቀ፤ ደንበኛውም ተመለሰ።

በቀደም እዚያ ሄጄ ነበር። እማዬ ካረፈች ቆይታለች። ሥዕሎቹ ላይ የውርርድ ቤት ማስታወቂያ ተቀብቶባቸዋል፣ ኳስ የሚመታ ፈረንጅ። እሱን ደግሞ ማን ያፍራል! አረንጓዴው ልጣጭ ተመልሷል፤ ሽንት የሞላ የውኃ ፕላስቲክ ከነክዳኑ ተጥሏል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ደግሞ ልክ እማዬ ከነመጥበሻዋ ተሥላ የነበረችበት ላይ ቆሞ ይሸናል።

“አንተ! አታፍርም?” አልኩት።

“ፋዘር፣ አታካብድ! ግድግዳ እኮ ነው።”

“እናቴ ናት!” አልኩ ግድግዳውን እያሳየሁት።

ዞር ብሎ አየኝ። ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም፤ ሳቀ። ሥዕል አፍሮ ሰው ሲሮጥ ባየሁባት ቅያስ፣ ይሄኛው ዓይን ዓይኔን እያየ ሽንቱን ጨረሰ።