ቋጥኙ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ

ከሱሉልታ ሜዳ ተነሥተን ከቡራዩ በላይ ወዳለው ኮረብታ እንድንወጣ የታዘዝነው በሐምሌ ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከጧቱ በአንድ ሰዓት ነው። ጠላት አገሩን ከያዘ አራት ዓመት አልፎት ነበር። ሠላሳ አንድ ነበርን፤ ጠመንጃ የያዝነው ግን ዐሥራ ሰባት ብቻ። ትእዛዙ አጭር ነበር። ኮረብታውን ያዙ፣ መንገዱን ጠብቁ፣ ጥይት አታባክኑ። ያዘዘን አለቃችን ባላምባራስ ደጀኔ ነው።

ስለዚያ ኮረብታ ባላምባራስ ሲያወራ ብዙ ዓመት ሰምቼዋለሁ። በሠርግ አውርቷል፣ በለቅሶ አውርቷል፣ ለልጅ ልጆቹም አውርቷል። እኔ ዝም ብዬ ኖርኩ። ዛሬ የምጽፈው ታሪኩን ከእሱ አፍ ለሰሙት ልጆች ነው። ደግሞም እዚህ ሰበታ፣ ጠበሉ አጠገብ ካለችው ቤቴ ድረስ እየመጡ «እትዬ አስካለ፣ መጠጡን በምን ተዉት?» ለሚሉኝ ነው። ለሁለቱም ያለኝ መልስ አንድ ነው።

በጦሩ ውስጥ ቁስለኛ የማክም እኔ ነበርኩ። ጠመንጃም ነበረኝ። በከረጢቴ የተቀደደ አቡጀዲ፣ መርፌና ክር፣ ከጠላት የማረክነው አንድ ኮዳ ነበር። ኮዳው ውስጥ ያለው አረቄ ነው። ቁስል የምናጥበው በእሱ ነበር፤ ሌላ መድኃኒት አልነበረንም። ወንዶቹ «ሐኪሟ» ይሉኝ ነበር፣ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ ለማሾፍ። ከመዝመቴ በፊት ጠጪ አልነበርኩም። መጀመሪያ የጎነጨሁት የአንድ ሰው እግር ሲቆረጥ ይዤ ከዋልኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን የሚቆረጥ እግር ባይኖርም እጎነጭ ነበር።

ኮረብታው ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥን። ዝናብ፣ ብርድና ጉም ነበር። ከአናቱ አንድ ትልቅ ቋጥኝ አለ። መንገዱም ወደ እኛ የሚያወጣው ሸለቆም ከዚያ ላይ ይታያል። በየሦስት ሰዓቱ እየተቀያየርን እንጠብቅ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከሰባት እስከ ዐሥር ሰዓት ተራው የገመቹ ነበር። ገመቹ ቶሎሳ የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ነው። የአባቱ ቤት ከእኛ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። ከመካከላችን እንደሱ አልሞ የሚመታ አልነበረም። በዚያ ጧት ኮሶ ጠጥቷል።

ለዛሬ ልጆች ልንገራችሁ። ያኔ ሰው የሆድ ትል ለማስወጣት በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣል፤ በዚያ ቀን ሥራ የለም፣ ጉልበትም የለም፤ ቀኑ የሚያልቀው ቁጥቋጦ ሥር ነው። የጦሩ ደንብ ኮሶ የሚጠጣ ሰው ከዋዜማው ለአለቃው እንዲናገርና ከጥበቃ እንዲወጣ ነበር። ነገር ግን ባላምባራስ ሲነገረው በሰው ፊት «የመጣኸው ልትዋጋ ነው ሆድህን ልታጥብ?» እያለ ያዋርድ ነበር። ስለዚህ ሰዎቹ መናገር ተዉ። ተደብቀው ይጠጡና ተራቸውን ለጓደኛ ይሰጣሉ። ሁላችንም እንዲህ እናደርግ ነበር፤ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ገመቹ ሆዱን ይዞ ወደ እኔ መጣ።

«ሐኪሟ፣ ተራዬን ያዢልኝ። ዛሬ ጠላት ከፊቴ ቢመጣ የምተኩሰው ከኋላዬ ነው።»

«ሂድ» አልኩት፣ «ጥይት አታባክን።»

እየሳቀ ወደ ቁጥቋጦው ሮጠ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም።

በሰባት ሰዓት ቋጥኙ ላይ ወጣሁ። ጋቢዬን ተከናንቤ ኮዳውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ለብርዱ ብዬ አንድ ጊዜ ጎነጨሁ። በስምንት ሰዓት ባላምባራስ መጣ። ገመቹ የት እንዳለ ጠየቀኝና ነገርኩት። ሰደበው። ከዚያ ኮዳውን ከእጄ ወስዶ ሁለት ጊዜ ጠጣ፤ ሲመልስልኝ እየሳቀ ነበር።

«ለቁስለኛ አስተርፊ» አለኝ።

ይህን አትርሱት። ቋጥኙ ላይ ማን እንዳለ አይቷል። በእጄ ምን እንደያዝኩም አይቷል። አይቶ ወረደ።

በዘጠኝ ሰዓት ጉሙ ወረደ። ዓይን ባይሠራም ጆሮ ይሠራል። በሸለቆው የሚወጣ ሰው ድንጋይ ያንሸራትታል፣ በቅሎ ያነጥሳል። ነቅቶ ለተቀመጠ ሰው ይሰማል። እኔ ኮዳውን ጨርሼ ተኝቼ ነበር።

የነቃሁት በተኩስ ነው። ከእግሬ በታች ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ አልፈው ወደ ሰፈሩ ወጥተዋል። ከቋጥኙ ጥግ በጋቢ ተጠቅልዬ ስለተኛሁ አላዩኝም። የተረፍኩት ስለጀገንኩ አይደለም፤ ስለሰከርኩ ነው።

ውጊያው ግማሽ ሰዓት አልሞላም። የእኛ ሰዎች ጠመንጃቸውን ከዛፍ ላይ እስኪያወርዱ አምስት ወደቁ። የተረፉት ወደ ጫካው ሸሹ። ከሸሹት ሁለቱ ተመትተው ቀሩ። ጠላት እህላችንን አቃጠለ፣ ስምንት ጠመንጃ ወሰደ፣ በመጣበት ወረደ። ዐሥር ሰዓት ሲሆን ጸጥ አለ። የእኔም ተራ ያኔ አለቀ።

ገመቹን ያገኘነው ቁጥቋጦው ሥር ነው። ሱሪው እንደወረደ በጀርባው ተመትቷል። በእጁ ቅጠል እንጂ ጠመንጃ አልነበረም። ሱሪውን ያለበስኩት እኔ ነኝ። የተረፉት ዙሪያውን ቆሙ። ተራው የእሱ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ባላምባራስ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ፤

«ቦታውን ጥሎ ነው ያስጨረሰን።»

አፌን አልከፈትኩም።

ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል ጎልማሳ ጭኑን ተመትቶ ነበር። ከረጢቴን ይዤ አጠገቡ ስቀመጥ «ሐኪሟ፣ አረቄው የታለ?» አለኝ። ፈሷል አልኩት። በዝናብ ውኃ አጠብኩለት። በአራተኛው ቀን እግሩ ጠቆረ፣ ሸተተ፣ ሞተ። እስኪሞት ድረስ ያመሰግነኝ ነበር።

ጠላት ከወጣ በኋላ ባላምባራስ ቡራዩ ላይ መሬት ተሰጠው። ለእኔም መንገድ ዳር አንዲት ቤት ሰጠኝ። «አረቄ እያወጣሽ ኑሪ» አለኝ። ደግነት መስሏቸው ያመሰገኑት አሉ። አፌን በምን እንደሚዘጋው ያውቅ ነበር። ለዐሥራ ሁለት ዓመት ድፍድፉን እየደፈደፍኩ፣ እያወጣሁ፣ ከሸጥኩት የበለጠ ጠጣሁ። አንድ ቀን ጧት ጎረቤት ስትጮኽ ነቃሁ። ግራ እጄ እሳቱ ውስጥ ነበር። ሥጋዬ ሲቃጠል አልሰማሁትም። ዛሬም ሁለቱ ጣቶቼ አይዘረጉም።

ከዚያ በኋላ ነው ሰበታ ጠበል የገባሁት። የጠበሉ አገልጋይ የነፍስ አባቴ የሆኑት አባ ኪዳኔ ናቸው። ተጠመቅኩ፣ ጾምኩ፣ ሰገድኩ። ዘጠኝ ወር ሳልጠጣ ቆየሁ፤ ሐምሌ ሲገባ ጠጣሁ። በሁለተኛው ዓመትም እንዲሁ፣ ሐምሌ ሲደርስ። አባ ኪዳኔ አስጠርተው በሐምሌ ምን እንዳለ ጠየቁኝ።

በሐምሌ ያለው ይህ ነው። ባላምባራስ በየዓመቱ የኮረብታውን ሙታን ቡራዩ ቤተ ክርስቲያን ያስባል። ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ የሞቱትን ስም ከወረቀት ያነባሉ። ወረቀቱን የጻፈው ባላምባራስ ነው፤ የተጻፈው ስምንት ስም ነው። የገመቹ የለም። የገመቹ አባት ኦቦ ቶሎሳ ግን በየዓመቱ ከሱሉልታ በእግራቸው ይመጣሉ። ከበሩ ውጭ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ይሰማሉ። ስምንቱ ተነብቦ ሲያልቅ ይመለሳሉ። ይህን በየዓመቱ እያየሁ ወደ ቤቴ ሄጄ ጠጥቻለሁ።

ለአባ ኪዳኔ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቢያንስ አንድ ሺህ ስግደት ያዙኛል ብዬ ነበር።

«ስግደት አልሰጥሽም» አሉኝ። «ስግደቱን ትወጂዋለሽ። የሚያስፈራሽ ሌላ ነው። ለእግዜር የነገርሽውን ሄደሽ ለባለቤቱ ንገሪ።»

አብረውኝ እንዲመጡ ለመንኳቸው። ስሰክር ማንም እንዳልደገፈኝ አስታውሰው እንቢ አሉኝ። በጣም ተቀየምኳቸው። ቂሙ ለሁለት ወር ያህል አልለቀቀኝም። በኅዳር ሄድኩ።

ኦቦ ቶሎሳ ሜዳው ላይ ድርቆሽ እየከመሩ ነበር። ሰላምታዬን በኦሮምኛ ተቀበሉኝ፣ ውኃም አስመጡልኝ። ውኃውን ሳልጠጣ ነገርኳቸው፤ ኮሶውን፣ ተራውን፣ ኮዳውን፣ ባላምባራስን። ምንም አልሸሸግኩም፣ ማስተባበያም አላስገባሁም። መንሹን መሬት ላይ ተከሉት።

«እናቱ ከቤት መውጣት አፍራ ነው የሞተችው» አሉ። «ይህን ይዘሽ የመጣሽው ለእኔ ነው ለራስሽ?»

«ለራሴ ነው» አልኩ። መዋሸት አልቻልኩም።

«እንግዲያው ለራስሽ ያመጣሽውን ለራስሽ ያዢው። ይቅርታ እንዳትጠይቂኝ። ለእኔ ግን አንድ ነገር ታደርጊያለሽ። በሐምሌ መጥተሽ በሕዝብ ፊት ትናገሪያለሽ። ሳትጠጪ ድረሺ። ሰክረሽ ከመጣሽ ኢልማ ኮን፣ ልጄን፣ ሁለተኛ ገደልሽው።»

ከኅዳር እስከ ሐምሌ ስምንት ወር ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዘመቻ አልዘመትኩም። የቡራዩን ቤት ትቼ ጋኖቹን ሰበርኩ። እዚሁ ጠበሉ አጠገብ ተቀመጥኩ። አዲስ ለሚገቡት ሰካራሞች ውኃ እቀዳለሁ፣ ትውከታቸውን እጠርጋለሁ። ይሰድቡኝ ነበር። አንዱ ጣቶቼን አይቶ «እቺ ደግሞ በግማሽ እጇ ልታድነን ነው» ብሎ አሳቀብኝ። እስከ ሐምሌ እችላለሁ ብዬ አላውቅም፤ እስከ ማታ ብቻ እል ነበር። ሲነጋ ደግሞ እንደገና እስከ ማታ። ዋሽቼ ከሆነ ሳይመሽ ለዋሸሁት ሰው እነግር ነበር፤ ትንሿ ውሸት በሦስተኛው ቀን ወደ ጋኑ እንደምትወስደኝ አይቼዋለሁ። እነዚህን ሳደርግ ደግ ሴት ሆኜ አይደለም። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ይታዩኝ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ቅዳሴ አለቀ፣ ቄሱ ስምንቱን አነበቡ። ከሴቶቹ መካከል ወጥቼ አንድ ስም ቀርቷል አልኩ። ቋጥኙ ላይ የነበርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ጠጥቼ እንደተኛሁ፣ ባላምባራስም ከኮዳዬ ጠጥቶ እንደሄደ ተናገርኩ።

ባላምባራስ አልተቆጣም። ፈገግ አለ።

«ይቺን የማያውቅ አለ? ከጋን ጋር ስታድር የኖረች ናት። ዛሬም ጠጥታ ነው።»

ሰው ሳቀ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ምናለ አስካለ፣ ለሙታን ብለሽ አንድ ቀን ሳትጠጪ ብትውዪ» አለች። ስምንት ወር የተሸከምኩት ሁሉ በዚያ ሳቅ አለቀ መሰለኝ። ሰው የሚያውቀው ሰካራሟን ነው፤ እኔም ለዐሥራ አራት ዓመት አሳውቄአቸዋለሁ።

ኦቦ ቶሎሳ በበሩ ገቡ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ ገብተው አያውቁም። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ፊት ለፊቴ ቆመው አጎነበሱ።

«ተንፍሺ» አሉኝ።

ተነፈስኩ።

«እንደገና።»

እንደገና ተነፈስኩ። ቀና ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«አልጠጣችም።»

ከዚያ በዱላቸው እየተመረኮዙ ባላምባራስ ፊት ሄደው ቆሙ።

«እርስዎስ፣ ጌታዬ? ይተንፍሱ።»

ባላምባራስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። አፉን አልከፈተም። ያንን አንድ እርምጃ ሁሉም አየ። ቄሱ እርሳስ ከኪሳቸው አውጥተው ወረቀቱ ላይ ጻፉ፣ ጮኽ ብለውም አነበቡት።

ኦቦ ቶሎሳ ሲወጡ ተከትዬ ወደ እግራቸው ልወድቅ ዝቅ አልኩ። በዱላቸው ከለከሉኝ።

«አፍሽ ንጹሕ ነው» አሉ። «እጅሽን ግን አልነካም።»

ሄዱ። እስከ ሞቱ ድረስ አላናገሩኝም። ቀብራቸው ላይ ከበሩ ውጭ ቆምኩ፤ የሚገባኝ ቦታ ያ ነው። ባላምባራስ አሁንም በሕይወት አለ፣ አሁንም ያወራል፣ የሚሰማው ግን ቀንሷል። አባ ኪዳኔ በእሱ ላይ የያዝኩትን ቂምም እንድተወው ይመክሩኛል። እስካሁን አልቻልኩም፤ ችያለሁ ብዬም አልዋሽም።

መጠጡን በምን ተዉት ለሚሉኝ፣ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ጠበሉ ሰውነቴን አጠበው። እውነቱን ስናገር ግን እርቅ አላገኘሁም፤ የምደበቅበት አጣሁ እንጂ። መደበቂያ ሲጠፋ መጠጡም ሥራ ፈታ።

ከሠላሳ አንዳችን ዘጠኝ ሞቱ። ታደሰ፣ ገብሬ፣ በቀለ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ኃይሉና ከበደ፣ ዋቅጅራ፣ ተሰማ፣ አረቄ አጥቶ የሞተው ወልደ ጊዮርጊስ። ዘጠነኛው ገመቹ ቶሎሳ ነው። ቦታውን አልጣለም፤ አምኖ ለእኔ ሰጠኝ።

አሁን ሐምሌ ነው። ጉሙ ወርዷል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፣ ነቅቻለሁ።