ወይዘሪት ያነከሰችበት ቀን

ጋሽ ምላጭ ፀጉር ቤታቸውን ከዘጉ ወዲህ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው አናት ሲያስተካክሉ አፋቸው ቦዝኖ የማያውቅ ሰው፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ የሚያናግሩት አጥተው ሬዲዮኑን «እንደምን አደርክ» እስከማለት ደረሱ።

ሟች ትተውላቸው የሄዱት አንዲት ግራጫ ድመት ናት፤ ስሟ ወይዘሪት። ወይዘሪት የእመቤቷ እንጂ የእሳቸው አልነበረችም። ያስቀመጡላትን ትበላለች፣ ሲጠሯት ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። አንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ የተኳረፉ ተከራዮች ይመስሉ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ድመቷ ከሶፋው ስትወርድ አነከሰች። ጎንበስ ብለው ቢያዩ የአንዱ እግሯ ጥፍር እንደ መንጠቆ ታጥፎ ሥጋዋን መንካት ጀምሯል፤ ቆዳው ቀልቷል። ጥፍሯን ይቆርጡላት የነበሩት ባለቤታቸው ናቸው። እሳቸው ትዝም አላላቸው።

ሌላ ከተማ ለምትኖረው ልጃቸው ደወሉ።

«አባዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ። ደህና ነህ አይደል?»

«እኔስ ደህና ነኝ፤ ድመቷ ግን…»

«ማታ እደውልልሃለሁ፣ እሺ?»

ታች ወዳለው መድኃኒት ቤት ወረዱ። ባለመድኃኒቷ ራሷ ድመት አሳዳጊ ናት፤ የሆነውን ነገሯት።

«ጋሼ፣ ጥፍሩን ብርሃን ላይ ሲያዩት ውስጡ ሮዝ ነገር አለ፤ ደም ሥሯ ነው። እሱ ጋ ሳይደርሱ ጫፉን ብቻ ይቁረጡ። ከደማ ዱቄት ነስንሰው ጫን አድርገው ይያዙት። የቀላውን ለብ ባለ ውሃ ይጠቡላት፤ አልኮል እንዳያስነኳት። ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ግን ሐኪም ይያት።»

«ስንቱን አናት የላጨ እጅ፣ ለድመት ይንቀጠቀጥ?»

«አናት አይቧጭርማ፣ ጋሼ!»

አብረው ሳቁ። ትንሽ ቆመው ማውጋት አምሯቸው ነበር፤ ከኋላቸው ሌላ ሰው ማዘዣ ይዞ ቆሟል።

የባለቤታቸውን ጥፍር መቁረጫ አውጥተው ወይዘሪትን መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ አቅፈው በፎጣ እንደ ሕፃን ጠቀለሏት። አንድ እግሯን ብቻ አውጥተው ጣቷን ቀስ ብለው ሲጫኑት ጥፍሩ ብቅ አለ። ቀጭ! መንጠቆው ወደቀ። ልባቸው ሞላና ሌላውን ያዙ፤ እሱም ሄደ። ሦስተኛው ላይ ግን ድመቷ ተወራጨች፣ መቁረጫው ጠልቆ ገባ። ጮኸች፤ የእጅ አንጓቸውን ቧጭራ አልጋ ሥር ገባች። ወለሉ ላይ የደም ጠብታ ቀረ።

እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ዱቄት በሲኒ ማስቀመጫ ይዘው መጡና ወለሉ ላይ በሆዳቸው ተኙ። ጎትተው ሊያወጧት አልደፈሩም። እንዲሁ አወሩላት፤ ስለ ኳሱ፣ ስለ ቀድሞ ደንበኞቻቸው፣ ጆሮው እንዳይቆረጥ እየፈራ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጥ ስለነበረው ወታደር። መሀል ላይ ዓይናቸው ጭረቱ ላይ አረፈ፤ ያቃጥላል።

«ታውቂያለሽ?» አሏት። «ከቀብሩ ወዲህ እጄን የነካኝ የለም። አንቺ ነሽ የመጀመሪያዋ።»

ቆይታ ቆይታ፣ በሦስት እግሯ እየረገጠች ወጣች። ዱቄቱን ጣቷ ላይ ነስንሰው በንጹሕ ጨርቅ ያዙት። ደሙ ቆመ። ትንሿ መዳፍ በጣቶቻቸው መሀል ትሞቃለች፤ ደሙ ከቆመ በኋላም አለቀቋትም፤ እሷም አልነጠቀቻቸውም።

ያን ማታ ስልኩ አልጮኸም።

የቀላው ቆዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደህና ሆነ። የቀሩትን ጥፍሮች ፀሐይ ላይ ስታንቀላፋ ጠብቀው፣ ዛሬ አንድ ነገ ሁለት እያሉ ጨረሱ። አሁን ወይዘሪት መቁረጫውን ስታይ አትሸሽም። ጋሽ ምላጭም ጠዋት ጠዋት መዳፏን ብርሃን ላይ ያዩላታል። ብዙ ጊዜ የሚቆረጥ ነገር የለም። ቢሆንም እንደያዟት ይቀመጣሉ፤ ሌሊት ስላዩት ሕልም ይነግሯታል።