ውሃ እስኪመጣ የተማርኩት እንግሊዝኛ

ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ሥልጣንና ስለ ማኅበረሰብ በእንግሊዝኛ ማውራት የተማርኩት ቡራዩ፣ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ፣ ከቢጫ ጄሪካኖች ሰልፍ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጬ ነው። የተማርኩትም የእውቀት ጥማት ይዞኝ አይደለም። የምሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከአካባቢው ሰው ጋር የሚያገናኘው ሠራተኛ ፈልጎ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። ሥራው የቀን ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚጠየቀውም ስለ አካባቢው እምነት፣ ሥልጣንና ማኅበራዊ ኑሮ ነው።

እኔ ቋሚ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነበርኩ። ጠዋት ስገባ ልጄ ኬጂ ሄዳለች። ስትመለስ እኔ ተኝቻለሁ፤ ድምፅ እንዳታሰማም ትከለከላለች። አንድ ቀን አስተማሪዋ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ብላ ብትጠይቃት «ይተኛል» ብላ መለሰች። እናቷ ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እኔ አልሳቅኩም። ማስታወቂያውን ያየሁት በዚያው ሳምንት ነው፣ ሥራውን ካላገኘሁም ልጄ ሳታውቀኝ ታድጋለች ብዬ ፈራሁ።

ግቢያችን ውስጥ ከኋላ ያለችውን ክፍል የተከራየች የእንግሊዝኛ መምህርት ነበረች፤ ቲቸር እንላታለን። ለአንድ ሰው ብቻ አላስተምርም ስላለች የጎን ጎረቤቴን ጨመርኩ። ጎረቤቴ ከወላይታ የመጣ፣ እዚያው ፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ የሚሠራ ጴንጤ ነው። የሚፈልገውም ያንኑ የቀን ሥራ ነው። ተቀናቃኜን በእጄ ጎትቼ አምጥቼ አጠገቤ አስቀመጥኩት።

በመጀመሪያው ቀን ቲቸር «ፌይዝ» የሚለው ቃል እምነት ማለት እንደሆነ አስረዳችንና ዓረፍተ ነገር ሥሩበት አለች። እኔ ስለ ጾም አንድ ነገር አልኩ። ጎረቤቴ ስለ ጾም ሌላ ነገር አለ። ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ በአማርኛ ነው። «ገቨርንመንት» የሚለው ቃል ሲመጣ ደግሞ ቲቸር ራሷ ገባችበት፤ ሚስቴም ከውስጥ ሆና ወጥ እየወጠወጠች መልስ ትሰጥ ጀመር።

የግቢው ባለቤት ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ስማቸውን ሳንጨምር «ኦቦ» ብቻ ነው የምንላቸው።

«ማል ታኤ?» አሉ፤ ምን ተፈጠረ ማለታቸው ነው።

«ትምህርት ላይ ነን፣ ኦቦ» አለች ቲቸር።

«የምን ትምህርት?»

«የሃይማኖትና የመንግሥት። በእንግሊዝኛ።»

ኦቦ አንድ በአንድ አዩን። «እኔ ያከራየኋችሁ ቤት ነው፣ አዳራሽ አይደለም። በዚህ ግቢ ሃይማኖትም መንግሥትም አይነሳም። ወሬ ከጠፋ ስለ ውሃው አውሩ።»

ቲቸር ከቤቱ መውጣት ስለማትፈልግ የተባለችውን አደረገች፤ የፈተናውን ቃላት ሁሉ በውሃው እየመሰለች ታስተምረን ጀመር።

ስለ ውሃው የሚወራ ሞልቷል። የገፈርሳ ግድብ ከሰፈራችን በእግር ይደረሳል፤ ውሃው ግን በአጠገባችን አልፎ አዲስ አበባ ይገባል። እኛ ጋ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ፈረቃው መቼ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በእኛ ግቢ ሰው አይሰለፍም፣ ጄሪካን ነው የሚሰለፈው። እያንዳንዱ እጀታው ላይ በታሰረ ጨርቅ ይታወቃል፤ የሰው ጄሪካን ከቦታው መግፋት ባለቤቱን በጥፊ ከመምታት አይተናነስም። የቧንቧው ቁልፍ ደግሞ ቀን ከሌት ኦቦ አንገት ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ እምነት ማለት ውሃው ይመጣል ብሎ መጠበቅ ሆነ። ነቢይ ማለት ሐሙስ ይመጣል ያለችው ሚስቴ ናት። መናፍቅ ማለት ተስፋ ቆርጦ ከአህያ ጋሪ ላይ ውሃ የገዛ ሰው ነው። ጎረቤቴ በባዶ ጄሪካኖቹ ላይ እጁን ዘርግቶ የተጨቆነው ብዙኃን እያለ በእንግሊዝኛ ያለቅሳል። ክዳን የሌላት አንዲት ጄሪካን ነበረች፤ እሷን «ማይኖሪቲ»፣ ማለትም አናሳ ወገን አልናትና ስለ መብቷ ስንከራከር ሙሉ ከሰዓት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ እኔ፣ ውሃውን ከላይ የሚለቀው ሠራተኛ መኖሩን እጠራጠራለሁ፣ አይቶት የሚያውቅ የለም የሚል ረጅም ዓረፍተ ነገር ሠራሁ። ጎረቤቴ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ተው እንጂ» አለኝ በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ልብስ የሚታጠብበት። ሰምቶ ውሃው ቢቀርብንስ?»

ኦቦም ከትምህርቱ አልራቁም። «‹ታይራንት› እያላችሁ ወደ እኔ ታያላችሁ፤ ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ቃሉ አምባገነን ማለት ነው። ቲቸር ሳታመነታ «ቁልፍ የያዘ ሰው» አለቻቸው። «ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው» አሉ ደስ ብሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቧንቧውን ሊከፍቱ ሲመጡ ከሩቅ «ታይራንት መጥቷል» ብለው ይጠሩናል።

የፈተናው ቀን ደረሰ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ የውጭ አገር ሰው ነው፤ አጠገቡ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ተቀምጣለች። በአካባቢህ ሃይማኖት ምን ቦታ አለው ብሎ ጠየቀኝ። ምን ማለት እንዳለብኝ አውቅ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን የለመደው ነው። ምእመናን በማለዳ ጄሪካናቸውን ያሰልፋሉ አልኩ። ራሳቸው አይቆሙም፣ ጄሪካናቸው ይቆምላቸዋል። መጀመሪያ አየር ይመጣል፣ ቀጥሎ ድፍርስ፣ የታገሠ ጥሩውን ያገኛል። ሥልጣን በማን እጅ ነው ሲለኝ፣ ቁልፍ አንገቱ ላይ ያሰረ ሽማግሌ አለ፣ ከእሱ በላይ ደግሞ ታይቶ የማይታወቅ አለ አልኩ። እንግሊዝኛው ያለ ምንም እንቅፋት ይወርድልኛል። ዕድሜዬን እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም፤ ላብ እያጠመቀኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ መጻፉን አቁሞ ይህ የትኛው ሃይማኖት ነው አለኝ።

የቡራዩ ነው አልኩት።

ኃላፊዋ እዚያው ቡራዩ ነው የምትኖረው። ፊቷን በፋይል ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቁ ሲለቃት፣ ሰውየው የሚያወራው ስለ ውሃ እንደሆነ ነገረችው። ፋብሪካው የራሱ ጉድጓድ አለው፣ ሌት ተቀን ጨርቅ ሲያጥብ ይውላል ያድራል። ሥራ አስኪያጁ ከአጥሩ ወዲያ ውሃ መጥፋቱን ያን ዕለት ሰማ።

ሥራውን ጎረቤቴ አገኘ። ለካ ሰበታ ባለው ቸርቹ ለውጭ ሰባኪዎች ሲያስተረጉም የኖረ ነው፤ ቃላቱን ከእኔም ከቲቸርም በላይ ያውቃቸዋል። «ታዲያ ምን ልትማር ትመጣ ነበር?» ብዬ ብጠይቀው «ጨዋታው ይጥም ነበር» አለኝ። ተናደድኩ፤ ለጥቂት ቀን ሰላምታም ነፈግኩት። ከሁሉ በላይ የቆጨኝ ግን የልጄ ነገር ነው።

ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው ከአጥሩ ውጭ ለሰፈሩ ቦኖ ውሃ አቆመ። ቀን ቀን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ሲፈለግ ኃላፊዋ ጠራችኝ። «ሃይማኖቱን የምታውቀው አንተ ነህ» አለችኝ። ከሌሊት ፈረቃ ወጣሁ፤ ቁልፉንም በገመድ አንገቴ ላይ አሰርኩት።

በማግስቱ ኦቦ ራሳቸው ጄሪካን ይዘው መጡና «እንዴት አደሩ?» አሉኝ። እኔን።

«ኧረ ኦቦ፣ እኔ ልጅዎ» ብል «አንተን መች አልኩ? ቁልፉን ነው» አሉ።

የቦኖ ሕጉ ተራ መጠበቅ ብቻ ነው። ዘመዱን ያስቀደመ ቦኖ ከፋች አይከርምም፤ ሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ ዓይኑን ተክሎ የሚጠብቀው ያንን ነው። ሚስቴም ይህን አውቃ ልጃችንን ከቤት ስታወጣት አስጠንቅቃታለች። «እዚያ ስንደርስ አባዬ እንዳትይ፤ አዳላ ይሉታል።»

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ልጄ ትንሽ የዘይት ጄሪካን ይዛ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። በጠራራ ፀሐይ፣ እኔም ነቅቼ፣ እሷም ነቅታ፣ ጠዋቱን ሙሉ ተያየን። ሻሽ ካሰሩት ሴቶች መሃል ብቅ እያለች ታየኛለች። አንዴ እጇን ልታነሳ ስትል እናቷ ያዘቻት። ሮጬ ሄጄ ባቅፋት ደስ ባለኝ፤ ቧንቧውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ተራዋ ደረሰ። ሞላሁላት፣ ክዳኑንም አጠበቅኩላት። ከፊቷ የነበሩት ሴቶች ሲሉኝ ሰምታ ነው መሰል፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለችኝ።

«አብሮ ይስጠን» አልኩና ቀጣዩን ጠራሁ።