የሲስተር ዘሃራ ግድግዳ

ያ ነገር ያስከፈለኝ ይህን ነው፦ አንዲት ሁነኛ ተከራይ፣ በሬን የሚረግጡ ዘጠኝ ወታደሮች፣ ደግሞም «የሰው ገመና አልሰማም» ብዬ የምምልበት አፍ።

ባለፈው ሳምንት ጓዳዬን ሊከራይ የመጣ ወጣት ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና «ድምፅ ያሳልፋል?» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ዕቃዬን ሲያገላብጥ ኖሬያለሁ፤ ለዚህ ጥያቄ ግን የቆየ ሒሳብ አለብኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከሰሜኑ የድንበር ጦርነት ማግስት ነው። ከሚሴ ዳር ካምፕ ነበር። እኔ ገና ሃያ አራት ዓመቴ፣ አስፋልቱ ዳር ስኳርና ሳሙና፣ ረፋዱ ላይ ደግሞ ጫት እሸጥ ነበር። ሲስተር ዘሃራ የባቲ ልጅ ናት፤ ሱስ የያዛቸውን ወታደሮች እንድታማክር ካምፑ ቀጥሯታል። በውል እንጂ በማዕረግ አይደለም፤ አለቃም የላትም። አጥሩ ውስጥ ቢሮ ሲሰጧት እምቢ ብላ የሱቄን ጓዳ ተከራየች።

«አለቃው በሚያልፍበት በረንዳ ማን አፉን ይከፍታል?» አለችኝ።

በሯ ላይ ምስማር መታች፤ የገባ ሁሉ ቆቡን እዚያ ይሰቅላል። ማኘክ ለለመደ አፍ ደግሞ ከጨፋ ጥንቅሽ ታስመጣ ነበር፤ ያንን ጣፋጭ የማሽላ አገዳ እየመጠጡ ያወራሉ። እንግዲህ አስቡት፦ ከፊት ጫት እሸጣለሁ፣ ከኋላ ጫት ለምታስተው ሴት አከራያለሁ። ደንበኛው አንድ ነው። በአንዱ በር ብከስር በሌላው አተርፋለሁ ብዬ ነበር።

ግድግዳው ጭቃ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ጀርባዬን አስደግፌ እሰማለሁ። ወሬ የማይሻግት ዕቃ ነው። ዘሃራ ብዙ አትናገርም። ዝም ትላለች፤ ቆይታ «ከዚያስ?» ትላለች። በዚህች ቃል ስንቱ ጎልማሳ ሲፈታ ሰማሁ! አስር አለቃ ደሳለኝ የሚባል ሾፌር ያለቀሰውም በሷ ነው። ምሽግ ውስጥ የቆሰለ ጓደኛው ተፈራ «ውሃ፣ ውሃ» ሲለው፣ በደሳለኝ ኮዳ ውስጥ የነበረው አረቄ ብቻ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ የጨፋ ማሽላ ሲቀላ፣ ዘሃራ ደሴ የወጣች ቀን ደሳለኝ ከሰዓት መጣ። ቆቡን አልሰቀለም። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። በቀኙ የእጅ ቦምብ ጨብጧል፤ የግራ ጣቱ የቦምቡ ቀለበት ውስጥ ነው።

«የት አለች?»

«ደሴ። ሳይመሽ ትመጣለች፣ ኢንሻአላህ።»

«እጠብቃታለሁ። ያልጨረስኩላት ነገር አለ።» የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

በሩ በእሱ በኩል ነበር። ውጭ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ጣቱ ሳብ ይላል፤ ነፍሴም አብራ ሳብ ትላለች። ከቁርኣን ያሲንን መቅራት ጀመርኩ፤ ከልጅነቴ የማውቀው መሃሉ ላይ ጠፋኝ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ከጆጉ ውሃ ቀድቼ ዘረጋሁለትና፦

«እንካ ወንድሜ፣ ጠጣ። ይሄ ውሃ ነው፣ አረቄ አይደለም» አልኩት።

ቀና አለ።

«አረቄ ማን አነሳ?»

ውሃውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት።

«ነገረችህ! ለባለሱቅ አሳልፋ ሸጠችኝ!»

ነጋዴ ነኝ፤ የሚያዋጣኝ ወዲያው ገባኝ። «አዎ» ብል ቂሙ ወደሷ ይዞራል። ግን ያቺ ሴት የአንዱን ነገር ለሌላው ትንፍሽ ስትል አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ያህል ሰምቼ።

«ወላሂ እሷ አይደለችም» አልኩ። «ጆሮዬ ነው። ግድግዳው ስስ ነው፤ እኔ ደግሞ ባለጌ ነኝ።»

ትክ ብሎ አየኝ። ቀለበቱን ብቻ ነበር የማየው። ከፍርሃት ብዛት የሷን ቃል ተዋስኩ።

«ከዚያስ?»

ጣቱ ቀለበቱ ውስጥ ተላወሰ።

«ከዚያማ አጠጣሁት» አለ። «ጠጣና ‹እግዜር ይስጥልኝ› አለኝ። ውሃ መስሎት ይሁን አውቆ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ይህን ለሷ እንኳ አልነገራትም ነበር። ጣቱን አወጣና ቦምቡን ስኳር በምመዝንበት ሚዛን ላይ አስቀመጠው። ሳህኑ ቀጭ ብሎ ወረደ። ዘሃራ እስክትመጣ ሁለታችንም ሳህኑን እያየን ቁጭ አልን። ውሃውን እኔ ጠጣሁት።

እሱን አነጋግራ፣ ከነቦምቡ ካምፑ ድረስ ሸኝታ ተመለሰች።

«ሁሴን፣ ዛሬ በኔ አሳበህ መዳን ትችል ነበር። ረቢ ይክፈልህ» አለችኝ። እፎይ ልል ስል፣ «ግን ስንቱን ሰምተሃል?»

«ሁሉንም።»

«እንግዲያው ለሁሉም እነግራቸዋለሁ። ለነሱ የሰጠኋቸው ነገር ይቺ ግድግዳ ብቻ ነበረች።»

በሦስተኛው ቀን ምስማሯን ነቅላ ሄደች። ወታደሮቹ ሱቄ ጋ ሲደርሱ ወደ ማዶ ይሻገሩ ጀመር።

ዛሬም የቁልፍ ቀለበት በጣቱ እያዞረ የሚገባ ደንበኛ ካየሁ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ፍርሃቱ ግን ከቦምቡ ብቻ አይደለም። ሰው ካመነበት ቦታ ጆሮ ሲያገኝ ፊቱ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ።

«ያሳልፍ ነበር» አልኩት ወጣቱን። «አሁን ብሎኬት ነው።»

ደሳለኝ አልፎ አልፎ በጭነት መኪና ያልፋል። ጥሩምባ ይነፋልኛል፤ አይቆምም። ሒሳቡ ይሄው ነው፦ ቦምቡ አልፈነዳም፤ ዘሃራ አልተመለሰችም።