ፀጉር አስተካካዩ የደበቀው ክትባት

ፀጉር አስተካካዩ የወረርሽኙ ክትባት በመጣ ጊዜ ቀድመው ከተከተቡት አንዱ ነበር። ሚስቱ አስም ስላለባት፣ "እኔን ልትገድለኝ ነው?" ብላ ወጥራ ስትይዘው ሄዶ ተወጋ። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለም። ደንበኞቹ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው በተከተበ ሰው ሲሳለቁ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር፤ "እኔ የማምነው መቀስ እንጂ መርፌ አይደለም" እያለ።

ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ነበር። አንድ ቀን ግን ጢሙን እየተላጨ ድንገት ኮስተር አለና፣ "እስቲ የምርህን ንገረኝ፣ አንተ ትወስዳለህ?" አለው።

ሱቁ በሰው ተሞልቷል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ከልብስ ሰፊው ጉንጭ ሳያነሳ፣ "ምን በወጣኝ!" አለ።

"በቃ፣ አንተ ካልወሰድክ እኔም አልወስድም።"

ልብስ ሰፊው ወር ሳይሞላው ትንፋሽ አጥሮት ሞተ።

ፀጉር አስተካካዩ ሊያጽናና ቤታቸው ሲሄድ ሚስትየው እንባዋን እየጠረገች፣ "እኔንም ተከተቢ ይሉኛል። አንተ ግን ሳትወስድም ይኸው ደህና ነህ፤ ለልጆቼ ስል ባልነካካው ይሻላል" አለችው።

"ወስጃለሁ" አለ። "ገና ድሮ ወስጃለሁ፣ እህቴ።"

"እሱ ያውቅ ነበር?"

"አልነገርኩትም።"

"ለምን?"

"ሰው ይስቅብኛል ብዬ።"

በማግስቱ ሄዳ ተከተበች። ዛሬም በሱቁ ደጃፍ ታልፋለች፤ ሰላም ግን አትለውም። ልጆቿም ፀጉራቸውን የሚቆረጡት ሌላ ሰፈር ሄደው ነው።