ጉርሻ የማይቀበለው ድንጋይ ተሸካሚ

በአንበጣው ዘመን፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ከታናሽ ወንድሙ ጋር እህል ፍለጋ ተሰዶ ከሁለቱ የተረፈው እሱ ብቻ ነው ይባላል። ዛሬ ፀጉሩ ሸብቷል። ያም ሆኖ በየገበያው ከጋዝጊብላ የወፍጮ ድንጋይ አዝሎ ሰቆጣ ይወርዳል። ጠላ ሻጯ ይመኙሻል ደጃፍ ላይ ያራግፍና፣ ከመቀነቱ የፈታውን አንድ እፍኝ በሶ በውኃ በጥብጦ ቀስ እያለ ይጠጣል። ሌላ አይቀምስም።

«አያ፣ መንገዱ የበላብዎትን እንኳ አይመልሱም?» ትለዋለች። «በቅሎም ስትራገፍ ገብስ ይሰፈርላታል!»

«በቅሎ አይደለሁማ፣ እቴ» ብሎ ይስቃል።

ባለፈው ገበያ ግን አንጀቷ አልችል አለ። በወጥ የራሰ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፉ አቀረበችና «በሞቴ!» አለችው።

ፊቱ አመድ መሰለ። እጇን ይዞ መለሰው። ይመኙሻል ክው አለች፤ ጉርሻው ከእጇ ወደቀ።

«ወንድሜን ረሀብ ገደለው ይላሉ» አላት። «ረሀቡንስ ተሻግሮት ነበር። እህል ባገኘን ቀን፣ መንገድ የወሰደብህን ሁሉ ብላ፣ በሞቴ እያልኩ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ሆዱን እንደያዘ፣ ሳይመሽ፣ እቅፌ ውስጥ አረፈ። በዕድሜዬ ካወቅሁት ሁሉ የሚበልጠው ይኸ ነው፣ እቴ፤ የደከመን ሰው ቀስ አድርጎ ማብላት።»