ከአንድ ሳህን የበላንበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት ቂሊንጦ በምሠራበት ፋብሪካ አንዲት አዲስ ልጅ ተቀጠረችና ልትተዋወቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ እሷ ግን ሁለት ሹራብ ደርባለች። ስጨብጣት እጇ በረዶ ነው። ስሟን እንኳ ሳልጠይቅ «ቁርስ በላሽ?» አልኳት። ደንግጣ ሳቀች። ምን ታድርግ፣ እብድ መስያት ይሆናል። እኔ ግን ያን ቅዝቃዜ አውቀዋለሁ። የእህቴ እጅ እንደዚያ ነበር፣ ገና ኮንዶሚኒየም የሚባል ነገር ሳይመጣ፣ ባቡሩ በአቃቂ ሲያልፍ የቤታችንን ብርጭቆ ሁሉ በሚያንቀጫቅጭበት ጊዜ።

እህቴ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ሰፈር ውስጥ ፊልም የምታወራልን እሷ ነበረች። ሁላችንም ቪዲዮ ቤት ለመግባት ገንዘብ አይበቃንም፤ እሷ አይታ ትመጣና በእኛ ቤት ጣሪያ ክፈፍ ሥር ተኮልኩለን እንሰማታለን። ክረምት ነው፣ የእርጥብ ጭቃና የበቆሎ እሸት ጥብስ ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፣ ጋብ ሲል ታንሾካሹካለች። በሕንድ ፊልሙ ልጁ እናቱን ሲያጣ እሷ ታለቅሳለች፤ ሲያገኛት እኛ እናለቅሳለን። ካደግኩ በኋላ አንዱን ፊልም ራሴ አየሁት። እውነቴን ነው የምልሽ፣ የእሷ ይበልጥ ነበር።

አንድ እሑድ አክስታችን ከናዝሬት መጣችና ገና ከበሩ ላይ «ውይ የኔ ቆንጆ! እንዴት ተመችቶሻል! ወፈርሽ እኮ!» አለቻት። እንግዲህ በእኛ ቤት ይሄ ምርቃት ነው። ለእኔ ቢሆን ደስታዬን አልችለውም ነበር። እህቴ ፈገግ አለችና ሳህኗን በቀስታ ከፊቷ ገፋ አደረገችው። በዚያው ሳምንት ፍልሰታ ገባ።

ፍልሰታን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይጾመዋል። ከቅዳሴ መልስ እየተጋፋን ቤት ገብተን ድስት እንገለብጣለን። እሷ ጥቂት ቆሎ ቆረጣጥማ ትነሳለች። ጾሙ ሲፈታ እሷ አልፈታችም። «ለጽጌ እየተዘጋጀሁ ነው» አለች። ከጽጌ በኋላ የነቢያት መጣ፣ ከእሱም በኋላ ሁዳዴ። የእኛ ካላንደር ደግሞ ለሚፈልገው ሰው ጾም አያልቅበትም! ማን ይጠርጥራት? እናቴ በኩራት ልትሞት ነው። ጎረቤቶቻችን «የተባረከች ልጅ» ይሏታል፤ በኋላ «መነኩሲት» የሚል ስም ወጣላት። እኔ «ሆዳሟ» ነበርኩ። ሴቶቹ እሷን እያሳዩ ልጆቻቸውን ይቆጡ ነበር። ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ፣ ከንፈሯ እየደረቀ፣ ሁላችንም ቅድስና ነው ብለን ተቀመጥን።

እኔ የገባኝ በሁዳዴ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ልጆቹ «እስኪ ፊልም አውሪልን» ብለው ለመኗት። ጀመረች። ሰውዬው ከመኪናው ወረደ አለች፤ ከዚያ ቆም አለች። «የመኪናውን በር በግራ እጁ ነው የዘጋው… አይደለም፣ በቀኝ። ቆይ፣ ሸሚዙ አራት ቁልፍ ነበረው፣ ሦስተኛው ተበጥሷል።» እንደገና ከመኪናው አወረደችው። እንደገና በሩን ዘጋ። ልጆቹ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። «እሺ፣ ከዚያ የት ሄደ?» አላት አንዱ።  የሸሚዙን ቁልፍ ሁሉ ታውቃለች፣ ሰውዬው የት እንደሄደ ግን ጠፋባት። ልጆቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ሄዱ። እሷ ግን ቁጭ ብላ ሰውዬውን በሩን እያስዘጋችው ነበር። ፈራሁ። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ የሆነ ቦታ የቀረችብኝ መሰለኝ።

ለእናቴ ነገርኳት፤ «ደክሟት ነው፣ ተያት» አለችኝ። ሌላም ነገር ነበር። ከትምህርት ቤት የምንመለስበት መንገድ በጭቃ ተዘግቶ በሌላ በኩል እንዙር ስላት አለቀሰች። ደብተሯ ላይ አንድ መስመር ስትሳሳት ገጹን ሁሉ እንደ አዲስ ትጽፈዋለች። ከክፍሏ አንደኛ የነበረች ልጅ ፈተና ላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይዛ ሰዓቱ አለቀባት።

የንስሐ አባታችን ጸበል ሊረጩ ሲመጡ እናቴ እህቴን አቅርባ «አባቴ፣ ይቺን ልጄን ይባርኩልኝ፣ ጾሟን አይተው» አለቻቸው። እሳቸው መስቀሉን ሲያስሟት እጃቸው እጇን ነካው መሰለኝ፣ ፊታቸው ተለወጠ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ። ማንም ሳይጠይቀኝ «ከፍልሰታ ጀምሮ ነው አባ፣ ፊልም ማውራት አቅቷታል!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ በዓይኗ ልትቀብረኝ ደረሰች። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ነገ ሐኪም ቤት ውሰጃት» አሉ እናቴን።

ሐኪሟ ለዘብ ያለች ሴት ነበረች። እናቴ የጨነቃት «ልጄ አእምሮዋን ሳተች?» የሚለው ነው። «አልሳተችም» አለቻት። «ሆዷ ብቻ መስሎሽ ነው? አእምሮዋም ተርቧል። የተራበ አእምሮ ትንሿን ነገር ይዞ ሙጭጭ ይላል፣ ትልቁ ነገር ያመልጠዋል። ስትበላ ቀስ እያለ ይመለሳል። ግን መብላቱን ጠላትዋ አድርጋዋለችና ብቻዋን አትችለውም።» ከዚያ ወተትና እንቁላል አዘዘች።

«በሁዳዴ?» አለች እናቴ። ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን። እሳቸው እህቴን አጠገባቸው አስቀመጧት። «ልጄ፣ ቀኖና እሰጥሻለሁ» አሏት። «ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ከእህትሽ ጋር ከአንድ ሳህን ትበያለሽ፣ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን አትነሺም። ጾምሽን እኔ እጾምልሻለሁ።» እህቴ «ቀትር ስንት ሰዓት ላይ ነው አባ?» አለች። እሳቸውም ነገሯት።

አየሽ፣ ሕግ ሕግ ነው እሷ ዘንድ። ያ ሙጭጭ ያለ አእምሮዋ አሁን ቀኖናውን ያዘ። ሰዓቱ ሲደርስ ትመጣለች፣ እያለቀሰች ግን ትመጣለች። በሁዳዴ ከቤታችን የእንቁላል ጥብስ ሲሸት ጎረቤቱ ጉድ አለ! እናቴ መጀመሪያ መስኮቱን ትዘጋ ነበር፤ በኋላ ሰለቻት፣ «ይሽተታ!» ብላ ከፈተችው። እኔ እያጎረስኳት «አንድ ለእኔ፣ አንድ ለአንቺ» እላለሁ። አንዳንዴ ትሰድበኛለች፣ አንዴም ጣቴን ነክሳኛለች። ብዙ ጊዜ ግን ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ታላምጣለች፤ እኔም እሷን ለማሳቅ የማላውቀውን ፊልም እየፈጠርኩ አወራላታለሁ። እኔ ወፈርኩ። ባቡሩ ሲያልፍ ሳህኑ ጭናችን ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ሁለታችንም በአራት እጅ እንይዘዋለን። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ሆነን በላን።

ዳነች። ትምህርቷንም ጨረሰች። ዛሬ ገላን ኮንዶሚኒየም ባልና ሁለት ልጆች አሏት፤ ደህና ትበላለች፣ ትስቃለች። ያ ሁሉ ደስ እያለኝ ግን፣ ልደብቅሽ አልችልም፣ ያ ዓመት ይናፍቀኛል። በሽታውን ማን ይናፍቃል! ትከሻዬ ላይ የነበረው ጭንቅላቷ ነው የሚናፍቀኝ። ከዚያ በኋላ እንደዚያ የሆነችልኝ ጊዜ የለም፤ ጤነኛ ሰው እህቱን ያን ያህል አይፈልግም።

ትናንት ማታ ቤቷ ሄጄ ስለ አዲሷ ልጅ ነገርኳትና «ጣቴን የነከስሽኝ ትዝ ይልሻል?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ከዚያ ዓመት ምንም የለኝም» አለች። «አባ ያሉትን በሰው ነው የሰማሁት። ሳህን ትያለሽ፣ የትኛው ሳህን? አንድ ነገር እንኳ የለም።» ረሃቡ ያንንም በልቶታል ለካ። የእኔ ትልቁ ነገር እሷ ጋ አልነበረም፤ ለካ ብቻዬን ነበር የያዝኩት።

ልጆቿን አስተኝታ ተመለሰችና አጠገቤ ተቀመጠች። «በጣም አስቸግሬሽ ነበር?» አለችኝ።

«ኧረ ምንም» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። «ውሸታም» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። «እስኪ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ያ ዓመት ለእኔም ይኑረኝ።»